በደሴና ኮምቦልቻ የሚሸጠው «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ካርድ፦ የትኛው ይነበብ፣ የትኛው ይታረም?

ደሴ ላይ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ባሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በመናኸሪያው ዙሪያ፣ የጥያቄና መልስ ካርድ በትንሽ ካርቶን ሣጥን ተደርጎ ይሸጣል። የአሳታሚ ስም የለበትም። ካርዶቹ ከኤ4 ወረቀት ላይ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው የተቆረጡ ናቸው፤ በ12 ወረቀት 108 ይወጣሉ። አረንጓዴው የእንስሳት፣ ሰማያዊው የሳይንስ፣ ቢጫው የቋንቋ፣ ቀዩ የሙዚቃ፣ የስፖርትና የታዋቂ ሰዎች ነው። በየቀለሙ 26 ጥያቄ አለ፤ የቀሩት አራቱ ባዶ ናቸው። ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ ከሦስት እስከ አምስት መስመር መልስ ሰፍሯል።

ሣጥኑ ይገዛል። ነገር ግን እንደተገዛ ለልጅ አይሰጥም፤ መጀመሪያ አንድ ምሽት ተቀምጦ ማጥራት ያስፈልጋል። ካርዱን በብዛት የሚወስዱት የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያዎች ናቸው፤ ጠዋት በሰልፍ ላይ በማይክ የተነበበ ስሕተት በዚያው ቀን ስንት ቤት እንደሚገባ የሚኒ ሚዲያ ኃላፊ የሆነ መምህር ሁሉ ያውቀዋል።

በጣም የሚያሳዝነው ካርድ ከሰማያዊዎቹ አንዱ ነው። «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ይላል፤ መልሱ «100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ» ብሎ ያበቃል። 100 የሚሆነው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ከላይ የሚጫነው የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ሳይግል ገና መንተክተክ ይጀምራል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቢቀነስ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው ከ91 እስከ 92 ዲግሪ ሲደርስ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ 94 ይጠጋል። ካርዱ የተሸጠበት ከተማ ውስጥ አንድም ክፍት ድስት በ100 ዲግሪ አይፈላም ማለት ነው። ይህ ደግሞ ከመልሱ ራሱ የበለጠ የሚያስገርም ነገር ነበር።

ለወጥ ቤትም ቁም ነገር አለው። የባቄላ ወይም የሽምብራ ንፍሮ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለው ለዚህ ነው። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከ92 አያልፍም። መፍትሔው እህሉን ከማታ መዘፍዘፍ፣ ክዳኑን አለመክፈት፣ ካለም እንፋሎቱን አፍኖ በግፊት የሚያበስለውን ድስት መጠቀም ነው። ለመጠጥ የሚፈላ ውሃም ላይ የከፍታ ልዩነት አለ፤ የተለመደው የጤና ምክር ከ2,000 ሜትር በታች ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ግን ሦስት ደቂቃ ማቆየት ነው። ኮምቦልቻ በመጀመሪያው፣ ደሴ በሁለተኛው ውስጥ ይወድቃሉ። በካርዱ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ «በባሕር ጠለል 100፣ ኮምቦልቻ 94፣ ደሴ 92 ገደማ» ተብሎ ቢጻፍ ከሣጥኑ ሁሉ ምርጡ ካርድ ይሆናል።

ይኸው ካርድ በአንዳንዱ ሣጥን ውስጥ የባሰ ችግር አለበት፤ «1000 ይፈላል» ይላል። ምክንያቱ የዲግሪዋ ምልክት ናት። ጸሐፊው ከ100 ቀጥሎ ትንሿን ክብ ከፍ አድርጎ ጽፏታል፤ ጽሑፉ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ሲዛወር ወርዳ ዜሮ ሆነች። የሉሲ ካርድ ላይ ደግሞ ነጥቧ ጠፍታ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የነበረው «32 ሚሊዮን» ሆኗል። 32 ሚሊዮን ዓመት ማለት ቀጥ ብሎ የሚሄድ የሰው ዘመድ በምድር ላይ ጨርሶ ያልነበረበት ጊዜ ነው። በድሮ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት እነ «ሷ» እና «ቧ» ባዶ ሣጥን የሚሆኑትም በዚሁ ጦስ ነው። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ካርድ ያውጡ፤ የፈላውን ውሃና ሉሲን። እነዚህ ሁለቱ ትክክል ከሆኑ ኅትመቱ በሰው ዓይን ታይቷል ማለት ነው።

ወረቀቱንም ይዳስሱ። ቀጭን የሆነው ወደ መስኮት ሲያዞሩት መልሱ ከጀርባ ይነበባል፤ ጨዋታው ያኔ አበቃ። ከሁለቱ የኅትመት ዓይነቶች በሌዘር የታተመው ይመረጣል፤ ቀለሙ በሙቀት የቀለጠ ዱቄት ስለሆነ ውሃ አያለቅቀውም። በኢንክጄት፣ ማለትም በፈሳሽ ቀለም፣ የታተመው ግን በደሴ የሐምሌ ጉም ብቻ እንኳ ይደበዝዛል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ጣትዎን በትንሹ አርጥበው የካርዱን ጠርዝ ያሹት። ላሚኔት የተደረገው በግምት እጥፍ ዋጋ ይጠየቅበታል፣ ያዋጣልም፤ ችግሩ አቆራረጡ ላይ ነው። ፕላስቲኩ ከወረቀቱ እኩል ከተቆረጠ ሁለቱ ገጽ የሚያያዙበት ጠርዝ የለም፤ በሳምንቱ ከማዕዘን ጀምሮ ይላቀቃል፣ እርጥበትም ይገባል። ዙሪያውን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ጥርት ያለ ፕላስቲክ የተረፈውን ይምረጡ። ማዕዘኑ ሾጣጣ ከሆነ በጥፍር መቁረጫ ክብ ያድርጉት፤ የልጅ እጅ ይቧጥጣል፣ ሌላውንም ካርድ ይልጣል።

ወደ አረንጓዴዎቹ እንለፍ። ግመል በሻኛዋ ውሃ ታከማቻለች የሚለው ካርድ መታረም አለበት። ሻኛ ውስጥ ያለው ስብ ነው። ኮምቦልቻ ሰው ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ የሚቆሙት ግመሎች ያስረዳሉ። ጠግባ የከረመችው ሻኛዋ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የተራበችው ይሸማቀቃል፣ ወደ ጎንም ይተኛል። አሁን የጠጣችው ውሃ ሻኛዋን አያሳድገውም። የውሃዋ ምሥጢር ሌላ ቦታ ነው። ቀይ የደም ሕዋሷ እንደ ሰው ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው፤ ደሟ በውሃ ጥም ሲወፍር በቀጭን ሥር ውስጥ ይሾልካል፣ በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ስትጨልጥም ያብጣል እንጂ አይፈነዳም። የሰውነቷ ሙቀት ከ34 እስከ 41 ዲግሪ ሊለዋወጥ ስለሚችልም ቀን ላይ ቶሎ አታልብም። ካርዱ ከእነዚህ አንዷን ብቻ ቢጽፍ ይበቃው ነበር።

የጅብ ካርድም «ከውሻ ወገን ነው» ይላል። አይደለም። መልኩና አሯሯጡ ያታልላል እንጂ ጅብ በዝምድና ከውሻ ይልቅ ለድመትና ለጥሪኝ ይቀርባል። «ጅብ ወንድም ሴትም ነው» የሚለው የቆየ አባባል ግን ያለ ምክንያት አልመጣም፤ የነጠብጣባሙ ጅብ ሴቷ ብልት ረዝሞ የወንዱን ስለሚመስል ከሩቅ መለየት ያስቸግራል። በመንጋው ውስጥ ቀድማ የምትበላውና የምታዘውም ሴቷ ናት። እበቱ ሲደርቅ የሚነጣው ደግሞ የሚቆረጥመው አጥንት ካልሲየም ስለሚበዛበት ነው፤ ይህን ካርዱ በትክክል ጽፎታል፣ ከከተማው ጫፍ የሚኖር ልጅ ሄዶ ሊያረጋግጠውም ይችላል።

ከእንስሳቱ ሁሉ የሚወደደው የቀይ ቀበሮ ካርድ ነው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ዘመዱ ተኩላ ነው፤ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ሲሆን ለአካለ መጠን የደረሱት 500 አይሞሉም። ደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት ላይ ይገኛል። ካርዱ የጎደለው አዲሱ ግኝት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባሌ ተራሮች የወጣ ጥናት ቀይ ቀበሮ የአበባ ማር እንደሚልስ አሳየ፤ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ አበባ ያለው የደጋ ተክል ነው። አንዳንዱ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ድረስ ይልሳል። አፍንጫው ላይ የሚቀረው የአበባ ዱቄት ወደ ሌላው ስለሚሻገር እንደ ንብ አበባ ሳያዳቅል እንዳልቀረ ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ። አይጥ አዳኝ የሆነ ሥጋ በል እንዲህ ሲያደርግ ማየት ያልተለመደ ነገር ነው። የባሌ እረኞች ልጆችም ይህንኑ አበባ ይልሱታል።

የኦክቶፐሱ ሦስት ልብ እውነት ነው፤ ሁለቱ ደምን ወደ ስንጥቡ (ውሃ ውስጥ ወደሚተነፍስበት አካል)፣ አንዱ ወደ ቀሪው አካል ይገፋሉ። ቀጭኔ በአንገቷ ያላት አጥንት እንደ ሰው ሰባት ነው፣ ትክክል። ሰጎን ራሷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች የሚለው ሐሰት ነው፣ ይውጣ። የቻይና ግንብ ከጨረቃ ይታያል፣ ሰው የአንጎሉን 10 በመቶ ብቻ ይጠቀማል፣ የሌሊት ወፍ ዕውር ነው፤ ሦስቱም ይውጡ። ምላስ ጣፋጭን በጫፉ፣ መራራን በሥሩ ብቻ ይለያል የሚለው እ.ኤ.አ. በ1901 የታተመ የጀርመን ጥናት በኋላ በተሳሳተ መንገድ ሲገለበጥ የመጣ ነው። ለማረጋገጥ ጥጥ በሎሚ ጭማቂ ነክሮ ምላስን በጫፉና በጎኑ መንካት ነው፤ ኮምጣጣነቱ በሁለቱም ይሰማል።

የደሴ ካርድ ግን ችኮላ አይገባውም። «ደሴ የተቆረቆረችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በታየ ጊዜ ነው» ይላል። የቆየው ታሪክ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ ሠፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው ከተማዋን እንደቆረቆሩና ከደስታ ጋር የተያያዘውን ስም እንዳወጡላት ይነገራል። ዘመኑ 1875 ዓ.ም. ነው፣ እ.ኤ.አ. 1882። የሃሌይ ኮከብ ግን እ.ኤ.አ. በ1835 ከታየ በኋላ የተመለሰው በ1910 ነው፤ በመካከሉ አልመጣም። በ1882 መስከረም የታየው ሌላ፣ ከሃሌይም እጅግ የደመቀ ነበር፤ ፀሐይ አጠገብ ሆኖ በቀትር በዓይን ታይቷል። ጅራታም ኮከብ ሁሉ ሃሌይ ይመስለናል፤ ካርዱ ታዋቂውን ስም ሲያነሣ የከተማችንን ኮከብ ጣለው። ስሙን ሰርዞ «እ.ኤ.አ. የ1882ቱ ታላቅ ጅራታም ኮከብ» ማለት ይበቃል።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ከዚህ ይያያዛል፤ የቀዮቹ ካርዶች ትልቁ ድካም ነው። ዓመቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ አይገልጹም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው በ1953 ነው ይላል። ውድድሩ የተካሄደው እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ሲሆን በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! አንድ ቀን ቢዘገይ 1953 በሆነ ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከፈረንጅ ጥር እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት፣ ከመስከረም አንድ እስከ ፈረንጅ ታኅሣሥ መጨረሻ ሰባት ይቀነሳል። ደግሞም «ሁለቱንም ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጠ» የሚለው ልክ አይደለም። ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በባዶ እግሩ፤ ቶኪዮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ተጫምቶ ነው፣ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው። እውነተኛው ታሪክ ከተጋነነው ይበልጣል።

ሉሲ ከቀዮቹ መካከል የገባችው በስሟ ምክንያት ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘች ዕለት ማታ በሠፈሩ ውስጥ ይሰማ ከነበረው የቢትልሶች ዘፈን ስሟን አገኘች፤ እኛ ድንቅነሽ እንላታለን። ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው። ይህ ካርድ፣ ነጥቧ ከገባች፣ እንከን የለውም።

ስለ ቅኝት የተጻፈው ካርድ ወሎ ውስጥ ሲነበብ የተለየ ሞገስ አለው። «አራቱን ቅኝቶች ጥሩ» ብሎ ይጠይቃል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ለኔ። ከአራቱ ሁለቱ የቦታ ስም መሆናቸውን ግን አይናገርም። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ምሥራቅ ባቲ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን አምባሰል። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ ብቻ አለው፤ ልዩነቱ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህ ካርድ በቃል ብቻ ባይመለስ እንመክራለን። ክራር የሚነካ ልጅ ካለ አንዱን ቅኝት ያሰማ፣ ሌላው ስሙን ይጥራ። ለሚኒ ሚዲያም የሚያምረው ይኸው ነው።

ቢጫዎቹ በአጠቃላይ የተሻሉ ናቸው፣ ያዘጋጀው ሰው ቋንቋ እንደሚወድ ያስታውቃል። ላጲስ በጣልያንኛ እርሳስ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ የእርሳስ ጠላት ሆነ። ብርቱካን በዐረብኛ በኩል ከፖርቱጋል አገር ስም የመጣ ነው። ስልክ በዐረብኛ ሽቦ ነው፤ ሽቦ የሌለውን ሞባይል ይዘን ዛሬም ስልክ እንላለን። ሐይቅ ከተማ ጫፍ ያለውን ውሃ «የሐይቅ ሐይቅ» ስንለው አንድ ቃል ሁለቴ መጥራታችን ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የውጫሌ ውል ካርድ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን አምባሰል ውስጥ ይስማ ንጉሥ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣልያንኛው ቅጂ እንደ ግዴታ ተወሰደ። በአንድ ግሥ የተነሣው ክርክር አድዋ ላይ ተቋጨ። አራት መስመር ላይ ይህን ያህል ማስገባት ትልቅ ሥራ ነው።

የሚያጨቃጭቀው «የአማርኛ ፊደል ስንት ነው?» የሚለው ነው። ካርዱ 231 ይላል፣ 33 በ7 ማለት ነው። «ቨ» ከተቆጠረ 34 በ7፣ 238 ይሆናል፤ እነ «ቋ» እና «ጓ» ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጣል። ጥያቄው ላይ «ዲቃላዎቹንና ቨን ሳይጨምር» የሚል ካልተጻፈበት ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ድረስ በዚህ ብቻ ያልቃል።

ለማንበብ ሲሆን በአንድ ጠዋት ሦስት ካርድ ይበቃል፤ ጥያቄው ይነበብ፣ አምስት ያህል ሰከንድ ዝም ይባል፣ ከዚያ መልሱ። ቁጥር ያለበት መልስ ሁለቴ ይደገም። ቤት ውስጥ በቡድን ከተጫወቱ አራቱ ቀለም ተቀላቅሎ ይበወዝ፤ ካልሆነ እንስሳት የሚወደው ልጅ አረንጓዴውን ጨርሶ ይወጣል፣ ቢጫው ሳይነካ ይቀራል።

ባዶዎቹ አራት ካርዶች ላሚኔት ከሆኑ በነጭ ሰሌዳ ማርከር አይጻፍባቸው፣ እጅ ሲነካው ይጠፋል፤ የማይለቅ ማርከር ያስፈልጋል፣ ስሕተት ሲኖር በአልኮል ይጠረጋል። አንዱ ላይ ይህ ቢጻፍ ደስ ይለናል፦ ከሜዳ አህያ ዝርያዎች ትልቁ፣ ቀጫጭን መስመር ያለው፣ ኢትዮጵያና ኬንያ ውስጥ የሚገኘው፣ በሳይንስ ስሙ የሚጠራው በማን ነው? መልሱ በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት በዡል ግሬቪ፤ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከአገራችን በስጦታ ስለተላከላቸው።